በጎን የተሳለ አባት

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ሲጀምር በጨለማ ነው የወጣሁት ይላል። እኔ ከሮቢት የወጣሁት በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ጣሊያኖቹ ፊደል የቆጠረውን ሁሉ መልቀም ሲጀምሩ የጀውሃው የግመል ነጋዴ ሐጂ ሰይድ ቤቴ መጣና፣ «ጋሼ፣ ሌሊት የሚሄድ ሰው ሌባ ይባላል፤ ቀን የሚሄድ ነጋዴ ነው። ወላሂ፣ ማንም ዞሮ አያይዎትም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ማንም ዞሮ አላየኝም፤ ከአንድ ሰው በቀር።

ሚስቴ አስካለ ንዳድ ይዟት መደብ ላይ ተኝታለች። በቅሎ ላይ መቀመጥ አትችልም። ወንድሟ ሊያስታምማት ቃል ገባልኝ፤ እኔም ቃሉን ለማመን ቸኮልኩ። የስምንት ዓመቷን ልጃችንን ብርቄን፣ «እናትሽ እንቅልፍ ወስዷታል፤ አትቀስቅሻት። ሲሻላት ትከተለናለች» አልኳት። ውሸት ነበር። አስካለ ዓይኗን ገልጣ ታየኝ ነበር። እኔም አየኋትና ጀርባዬን ሰጠኋት። ልጅቱ ይህን አይታ ይሆን? ሳልጠይቅ ለማወቅ ስሞክር ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሸክሜ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጓዝ ነው።

የአዳልን በረሃ፣ ጅቡቲንና መርከቡን አልተርክም፤ ሌሎች አጋነው ተርከውታል። ኢየሩሳሌም ስንደርስ ተሳላሚው ሁሉ መሬት እየሳመ ያለቅስ ነበር፤ ለእኔ መጀመሪያ የተገለጠልኝ ብርዱ ነው። ከማሽላ ማሳ ጥላ ፍለጋ ሲሮጥ ያደገ ቆለኛ በረዶ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ዳቦው ውስጡ አየር ነው፤ የማሽላ እንጀራ የለመደ ሆድ ቢበላውም አያምነውም። ሰዎቹ ሲገናኙ አንድ ቃል ተባብለው ይተላለፋሉ። በእኛ አገር እንዲያ ሰላም የሚባባል የተጣላ ሰው ብቻ ነው።

ግሪካዊውን አከራያችንን ክፍሉ እንደሚበርድ ብነግረው፣

«ከአፍሪካ አይደለም የመጣኸው?» አለኝ።

«ነው።»

«ታዲያ ሙቀት ይዘህ አትመጣም ነበር?»

«ይዤ ነበር፤ ጉምሩክ ወረሰብኝ» አልኩት።

አልሳቀም። ይልቅስ ሐሙስ ሐሙስ ሙዚየሙ ስደተኞችን ከነልጆቻቸው በነጻ እንደሚያስገባ፣ አዳራሹም ትልቅ ምድጃ እንዳለው ነገረኝ። ወደ ዘመኑ ሥነ ጥበብ የገባሁት እንግዲህ እግሬን ላሞቅ ብዬ ነው።

የሐሙሱን ትምህርት የምትመራው ከጀርመን የተሰደደች ሠዓሊ ናት፤ ፍሮይላይን ሎተ እንላታለን፣ ወይዘሪት እንደማለት ነው። ጸጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣ፣ እናትና አባቱን ሁሉ ከልጆቹ ጋር ወለል ላይ ታስቀምጣለች። ፈረንሳይኛ ስለምችል አስተርጓሚዋ አደረገችኝ። ፊትን ሰባብሮ እንደገና ስለሚደረድረው፣ እሷ ስለምታስተምረው አዲስ የአሳሳል ዘዴ ቀድሜ አንብቤ የሰነፎች ማጭበርበሪያ ነው ብዬ ፈርጄ ነበር፤ ዛሬም ከፍርዴ ግማሹን አላነሳሁም።

አንድ ሐሙስ ከአገሯ ይዛው የተሰደደችውን ሥዕል ዘርግታ፣ «ምን ይታያችኋል?» አለች። ፊቷን ወደ ጎን ያዞረች ሴት ናት፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ግን አንድ ጉንጭ ላይ ተደርድረዋል።

ከማጀቴ የተሰደዱት ጎረቤታችን እትዬ ደስታ ጠጋ ብለው መረመሩት። «ጋሼ፣ እስቲ ይጠይቁልኝ፤ ይህች ሴት ጻድቅ ናት ወይስ ኃጥእ?»

ጥያቄው የቀልድ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል። ሰይጣንና ይሁዳ፣ መሰሎቻቸውም በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ይህን የእኛ ልጅ ከፊደል በፊት ያውቀዋል። ይህችኛዋ ግን በጎን ተስላም ሁለት ዓይን አላት።

ጥያቄውን ስተረጉምላት ፍሮይላይን ሳቀችና፣ «ሁለቱም ናት» አለች።

«እንግዲያው ንስሐ ላይ ናት» አሉ እትዬ ደስታ፤ ያገራችን ሰው ሁሉ አውካካ። ካነበብኳቸው ሐያስያን እንዲህ አድርጎ የገለጠው አልነበረም።

ከዚያ ለየቤተሰቡ አንድ አንድ ትልቅ ወረቀት ታደለ፤ ልጆች ቤታቸውን እንዲስሉ፣ ወላጅ ልጁ እስኪጨርስ እጁን እንዲሰበስብ ታዘዘ። እኔም ምድጃውን ስመለከት ቆየሁ። ዞር ስል ብርቄ ጨርሳለች። መደቡ ላይ እናቷ ጋደም ብላለች፤ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሏት። ብርቄም ሁለት ዓይን አላት። በቅሎው አጠገብ ጋቢ የለበሰ ሰው ቆሟል። በጎን። በአንድ ዓይን።

እትዬ ደስታ ሳቃቸውን ዋጡ። «ወረቀቱ ጠቧት ነው፣ ጋሼ» አሉኝ። የወረቀቱ ግማሽ ባዶ ነበር።

ፍሮይላይን ግን አጨበጨበች። «እንዴት ያለ መስመር ነው! ማንም ሳያስተምራት!» ብላ፣ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ምስማር ፍለጋ ሄደች።

ብሩሹ ገና ቀለም ነበረበት። ለዓይን አንድ ነጥብ ይበቃ ነበር። አነሳሁት። ብርቄ አልከለከለችኝም፤ እጄን ትከታተላለች። መልሼ አስቀመጥኩት።

«እናትሽ ነቅታ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«እኔም አውቅ ነበር።»

«እሱንም አውቃለሁ» አለች። ብሩሹን አንስታ ውሃ ውስጥ እያጠበች፣ «አንቱ በቅሎውን ሲጭኑ ነጠላዬን ልወስድ ተመልሼ ገብቼ ነበር። አናግራኛለች» አለችኝ።

«ምን አለችሽ?»

«የነገረችኝ ለአንቱ አይደለም።»

ሥዕሉ አሁን በሙዚየሙ መግቢያ ተሰቅሏል። ባርኔጣ ያደረጉ መኳንንት ቆመው ያደንቁታል፤ ከሁሉ የተሳካው አባትየው ነው ይባላል። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ለአማቼ፣ ለአስካለ ወንድም፣ ሁለት ደብዳቤ ልኬ መልስ አላገኘሁም። ሮቢትና ጀውሃ ያላችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ከእጃችሁ ከገባ አስካለን ፈልጉልኝ። በሕይወት ካለች፣ ልጅቱን ምን እንዳለቻት ጠይቋት። ለእኔ እንዳይነገር ከፈለገች አትንገሩኝ፤ መልስ መስጠቷን ብቻ፣ አፏን ከፍታ አንድ ቃል መናገሯን ብቻ ላኩልኝ።