የእናት ስም በሚለው መስመር ላይ

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሰንበቱን ምግብ ከእሳት አውርጄ ምድጃውን ስወለውል፣ ልጄ ሺራ ስልኳን ይዛ ወጥ ቤት ገባችና ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። ሺራ የውትድርና አገልግሎቷን ከጨረሰች ሁለት ዓመቷ ነው። ለእኔና ለራሷ ወደ ግሪክ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጣለች፤ አራት ቀን ባሕር ዳር ልታሳርፈኝ። እኔ በሕይወቴ አውሮፕላን የተሳፈርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ወደዚህ፣ ወደ እስራኤል፣ ለመምጣት።

"ቪዛ የሚባል ነገር የለም፣ ኢማ። ይቺን ቅጽ እሞላልሻለሁ፣ ከዚያ ፓስፖርትሽን ይዘሽ መውጣት ነው። ቤሰደር?"

ኢማ በዕብራይስጥ እናቴ ማለቷ ነው። ቤሰደር፣ እሺ፣ አልኳት። ሆዴ ግን እሺ አላለም።

ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ክፍት ነበር። ሁለት ሰዎች ስለዚሁ ስለ ቪዛ ይከራከራሉ። ክራባት ያሰረው ሰውዬ፣ ያለ ቪዛ በራቸውን የከፈቱ አገሮች ደግመው ማሰብ አለባቸው ይላል፤ ሰው ለሁለት ሳምንት ጉብኝት ብሎ ገብቶ እዚያው ይጠፋል፣ ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት ማንነቱ ይጣራ ነው የሚለው። ሴትየዋ ደግሞ፣ እህቱን ሊጠይቅ የሚሄደውን ሁሉ እንደ ሌባ ማየት ምን የሚሉት ነው ትላለች፤ መደበቅ የፈለገ መንገድ አያጣም፣ በሩ ሲዘጋ የሚጎዳው ደህናው ሰው ነው ባይ ናት። ሁለቱንም ሰማሁ። አራት ዓመት የማታ ትምህርት የተማርኩ ሴት በእንዲህ ያለ ነገር ፍርድ አልሰጥም። አንዱ ሲናገር እውነቱን ነው እላለሁ፣ ሌላዋ ስትመልስ እሷም እውነቷን ነው እላለሁ። ብቻ "ማንነቱ ይጣራ" የሚለውን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ መዳፌን ያልበኛል።

ሺራ ስሜን ጻፈች። የተወለድኩበትን ቀንም ጻፈች፤ ያኔ አንድ ጸሐፊ ገምቶ የሰጠኝን ቀን። ቀጥላ፣ ከስልኳ ቀና ሳትል፣ "የእናት ስም" አለች።

ፎጣው እጄ ላይ ቀረ።

"ኢማ? የሳቭታ ስም ታከለች ነው፣ አይደል?"

"ቆይ" አልኳት።

"ምን መቆየት አለው?"

"ቆይ አልኩሽ።"

ሳቭታ የምትለው አያቷን፣ የእኔን እናት ነው። ቆይ ያልኳት የሞላሁት የመጀመሪያ ቅጽ ትዝ ብሎኝ ነው። ሞላሁ ማለት እንኳ አልችልም፤ እኔ ተናገርኩ፣ ሌላ ሰው ጻፈ። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነኝ ነው።

በእኛ አገር፣ ወገራ፣ የመጀመሪያ ልጅ ብዙ ጊዜ አያት ቤት ያድጋል። እኔም እንደዚያው ነኝ። አባቴ ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ ቆላ ወርዶ ሳይመለስ ቀረ። እናቴ ታከለች ልጅ እግር ስለነበረች፣ እኔ ገና ዳዴ ስል ሌላ መንደር ተዳረች። እኔን አያቴ አሳደገችኝ። አያቴን "እማዬ" እላለሁ። እናቴን ግን አክስቶቼና አጎቶቼ እንደሚጠሯት ታከለች ብዬ እጠራለሁ። ለበዓል ስትመጣ "ታከለች መጣች" ብለን ሁላችንም ወደ ደጅ እንሮጣለን። እኔ እንዲያውም ከሁሉም ኋላ ነበርኩ፤ አፍራት ነበር። ይህ ለእኛ ምንም የሚገርም አልነበረም። ማን ማንን እንደወለደ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማን ይጠይቃል?

አዲስ አበባ ግን ተጠየቅን።

ወደ እስራኤል ለመሄድ ከጎንደር ስንወርድ አያቴና እኔ ቀድመን ነው የደረስነው። ታከለች ከነባሏና ከሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆቿ ጋር ከሳምንታት በኋላ መጣች። አያቴና እኔ የተመዘገብን ቀን፣ ወፍራም መዝገብ ፊቱ የዘረጋ ሰው "እናትሽ ማን ናት?" አለኝ። አጠገቤ ወደ ቆመችው አያቴ አመለከትኩ። ሌላ የሚመጣ ቤተሰብ አላችሁ ወይ ሲለኝ፣ ታከለች አለች አልኩ። "እህትሽ ናት?" አለ። አዎ አልኩ። አያቴ ጆሮዋ ስለደከመ ምን እንዳልኩ አልሰማችም። እኔም የዋሸሁ አልመሰለኝም፤ ቤታችን እንደምንኖረው ነው የነገርኩት። ሰውዬው ጻፈና ገጹን ገለጠ።

አያቴ በኅዳር ብርድ፣ በተከራየናት የጭቃ ክፍል ውስጥ ሞተች። ሰባት ቀን ተቀመጥንላት። ሰባቱ ቀን ሲያበቃ ወደ ታከለች ክፍል ገባሁ፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆች የተኙበት ፍራሽ ጫፍ ላይ ቦታ ሰጡኝ። ስለ መዝገቡ ያሰበ ሰው አልነበረም። በመጋቢት የእነ ታከለች ስም ለጉዞው ተጠራ፤ የባሏ፣ የእሷ፣ የሁለቱ ልጆች። የእኔ የለም። እኔ በሞተች ሴት ገጽ ላይ ብቻዬን ቀርቻለሁ።

የታከለች ባል ክፉ ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ምሳ ላይ፣ እኔ ደጅ ቁጢጥ ብዬ ሽምብራ ስለቅም፣ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰማሁት። እኛ እንቅደም፣ እሷን ለዘመድ ሰጥተን ኋላ እናስመጣታለን፣ ከመዝገቡ ሰዎች ጋር ስንጣላ እኛንም ቢሰርዙንስ፣ እነዚህ ሕፃናት ምን ይሆናሉ፣ አለ። ሽምብራው ከእጄ እየወደቀ ነበር። ታከለች፣ "አንዴ ትቻት ሄጃለሁ። ሁለተኛ አልተዋትም" አለች።

በነጋታው ይዛኝ ወጣች። የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቆሎ ቋጥራ ነበር፤ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ስላለፈን በእግር ሄድን። ሌሊት ትንሽ ዘንቦ መንገዱ ያዳልጣል፣ ከየአጥሩ የባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣል። መንገዱን ሙሉ ታስጠናኛለች።

"ሰውዬው ይህች ማን ናት ሲልሽ ምን ትያለሽ?"

"ታከለች።"

"ታከለች ምንሽ ናት?"

እግሬ ሥር ያለውን ጭቃ አያለሁ።

"እናቴ ናት በይ። እማዬ በይኝ እስቲ።"

አፌን እከፍታለሁ፣ አይወጣም። ያ ቃል የአያቴ ነበር፤ አፈሯ ገና አልደረቀም። ታከለች ቆማ አየችኝ። "አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ማን ቆለፈው?" አለችና ቆሎ አፌ ውስጥ ጨመረችልኝ። ያኔ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ከእኔ ጋር ስትቆም በእርግጥ እህቴ ነበር የምትመስለው። ይሄም አስፈራት መሰለኝ፣ ነጠላዋን እንደ ትልቅ ሴት አድርጋ ግንባሯ ድረስ ሸፈነችው።

መዝጋቢው እሷን ውጭ በር ላይ አቆማትና እኔን ብቻዬን አስገባኝ። ከግድግዳው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። እናትሽ ማን ናት አለኝ። እንዳስጠናችኝ፣ ታከለች አልኩ። መዝገቡን ገለጠና ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ።

"በፊት ሟቿ ናት ብለሻል።"

"አዎ።"

"ታዲያ አሁን ታከለች ናት በይ ያለሽ ማን ነው?"

"ታከለች" አልኩት።

አያቴ ቢሮ ገብቶ መዋሸት ከመዝገብ ያሰርዛል ብላኝ ነበር። እኔ እውነት ተናግሬ ልሰረዝ ነው። ሰውዬው ብዕሩን ከደነ። አልተቆጣም፤ ይህ ነው የባሰው፣ ደክሞት ነበር። የጎረቤቱን ልጅ የእኔ ነው እያለ የሚመጣ አለ፣ እኔ ሰው ለመከልከል አልተቀመጥኩም፣ ግን ለሁሉም እሺ ካልኩ ይህ በር ለሁላችሁም ይዘጋል፣ አለኝ። ለልጅ ሳይሆን ለራሱ የሚነግር ይመስል ነበር። ባለፈው ዓርብ ቴሌቪዥን ላይ ክራባት ያሰረው ሰውዬ ሲናገር ልጠላው ያልቻልኩት በዚያ መዝጋቢ ምክንያት ነው።

ይህን ጊዜ አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዷ ተነሡ። የመንደራችን ሰው ናቸው፣ እመት ጥሩነሽ። በአንካሳ እግራቸው ጠረጴዛው ድረስ መጡ።

"አንተ ልጅ፣ ሕፃን ጠይቀህ ምን ታገኛለህ? እኔን ጠይቀኝ።"

ተራዎ አልደረሰም አላቸው። ተራዬን ለእሷ ሰጥቻለሁ አሉት።

በእኛ ልማድ የወለደች ሴት ከቤቷ አትቆይም። ከመንደሩ ፈንጠር ብላ በተሠራች የአራስ ጎጆ ትቀመጣለች፤ ዙሪያውን ድንጋይ ይደረደራል። ድንጋዩን ማንም አያልፍም። ምግብ የሚያመጡት ሴቶች ከውጭ ቆመው ያስቀምጣሉ፣ አራሷ ከውስጥ ሆና ትስባለች።

"ያቺ ውጭ ያቆምካት ናት ከድንጋዩ ውስጥ የነበረችው" አሉ እመት ጥሩነሽ። "ሟቿ ከእኔ ጋር ከድንጋዩ ውጭ ቆማ ገንፎ ታስቀምጥ ነበር። ውጭ የቆመ ሰው ውስጥ ይተኛል?"

መዝጋቢው ቀና አለ። ከእኛው ወገን ነበር፣ ጎጆውን ያውቀዋል። "ስንት ቀን?" አላቸው።

"ሴት አይደለችም እንዴ? ሰማንያ ነዋ። ሰማንያ ቀን ተመላልሼላት፣ ገንፎው ላይ ጨው አብዝተሻል እያለች እስከ ዛሬ ታማኛለች።"

እንዳይናገሩ በእጁ ምልክት ሰጣቸውና በሩን ከፍቶ ታከለችን ጠራት። ስለ እኔ አልጠየቃትም። ያራስ ምግብ ማን ያመጣልሽ ነበር፣ ብቻ አላት። ታከለች ግራ ገባት፤ እኔን አየች፣ እመት ጥሩነሽን አየች። እናቴና እመት ጥሩነሽ ነበሩ አለች። ቀጥላም፣ የፈራ ሰው እውነት ብቻ እንደሚመጣለት፣ "የእመት ጥሩነሽ ጨው ይበዛበት ነበር" አለች።

አግዳሚው ላይ የነበሩት ሳቁ። መዝጋቢው ብቻ አልሳቀም። "ሌላስ?" አላት።

ታከለች ወለሉን እያየች ተናገረች። ነሐሴ ነበር አለች። ጎጆው ያፈስ ነበር። በየትኛው በኩል እንደሚያፈስ በጨለማ ስለማይታወቅ እኔን ሆዷ ሥር አስተኝታ በጀርባዋ ጣራ ትሆነኝ ነበር። ልብሷ ክረምቱ እስኪወጣ አልደረቀም። ሰማንያው ሲሞላ ወንዝ ወርዳ ታጥባ፣ እኔን አዝላ ድንጋዩን አለፈች። "ከዚያ ለእናቴ ሰጠኋት" አለች።

እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ማን ይነግረኛል? ታከለች ለበዓል የምትመጣ ሴት ነበረች። እናቴ በዝናብ ውስጥ እንደያዘችኝ የሰማሁት በመንግሥት ጠረጴዛ ፊት፣ ለማያውቀን ሰው ስትመሰክር ነው።

መዝጋቢው ሰረዘ፣ ጻፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ከአንቺም አፍ ልስማው አለ። "እናትሽ ማን ናት?"

"ታከለች" አልኩ። "ታከለች እናቴ ናት።"

ከግቢው ስንወጣ ታከለች መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የቀረውን ቆሎ ፈትታ ሰጠችኝ። እማዬ እንድላት የምትጠብቅ ይመስል ነበር። እኔም ልላት ነበር። ግን ቃሉን አሁን ባወጣው ለወረቀቱ ያልኩት ይመስላታል ብዬ ፈራሁ። "እንሂድ፣ ታከለች" አልኳት። ሳቅ አለችና ተነሣች።

እስራኤል ከገባን በኋላ በክርያት ሞሼ ሰፈር፣ በአንድ ሕንፃ፣ ላይና ታች ሆነን ሠላሳ ዓመት ኖርን። ሁልጊዜ ታከለች ነበር የምላት። ጎረቤቶች ይስቁብኝ ነበር። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ቀን ሆስፒታል መጥታ በራፍ ላይ ቆመች፣ ግቢ እስኪሏት ድረስ አልገባችም፤ በእጇ ገንፎ ይዛለች። ያኔም አላልኳትም። ሰው ነገ እላለሁ እያለ ነው የሚያረጀው። አምና፣ ብርቱካን ሲያብብ፣ ቀበርናት።

"ኢማ፣ ገጹ ሊዘጋብኝ ነው" አለች ሺራ።

"ታከለች ብለሽ ጻፊ" አልኳት። "ፊደሉን እንዳታሳስቺ።"

ጻፈች፣ ላከች። አሁን የት እንጠብቃለን ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀችብኝ፤ መጠበቅ የለም፣ መልሱ በስልክ ይመጣል አለች። የሰንበት ሻማ ሳናበራ መጣ። ተፈቅዷል ይላል። ሰው አላየኝም፣ ምስክር አልጠራም፣ ማንም ወደ በሩ ሄዶ የጠየቀልኝ የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ይህን ያህል በቀላሉ የተከፈተ በር በቀላሉ ቢዘጋስ፣ እዚያ ስንደርስ አንድ ሰው መዝገብ ገልጦ ጣቱን መስመሩ ላይ ቢያሳርፍስ እያልኩ አደርኩ።

ሻንጣዬን ከአሁኑ ማዘጋጀት ጀምሬአለሁ። ከፓስፖርቴ ሥር፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ የእናቴን የድሮ መታወቂያ አስገባሁ። ሺራ አይታ፣ ያላ ኢማ፣ ተይ እንጂ፣ የሞተ ሰው መታወቂያ ድንበር ላይ ምን ያደርግልሻል፣ ማንም አይጠይቅሽም አለችኝ። ልክ ናት፣ አይጠይቁኝም። ብጠየቅ ግን ፎቶውን አሳያለሁ። ይህች ማን ናት ቢሉኝ፣ ማንም ሳያስጠናኝ፣ እማዬ ናት እላለሁ።