ሰባቱን ቤት የት ላስቀምጥ?

የወደድኩትን ሰው «እሺ» ለማለት አንድ ከሰዓት በኋላ በቅቶኛል። የማስታወሻ መጻፊያ ሶፍትዌር ለመምረጥ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈጅቶብኛል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የሱም የኔም አባት የጃናሞራ ሰዎች ናቸው። በኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ እስከ ሰባተኛው አያት ድረስ አንድ ሰው እንኳ ከተጋራን ዘመዳሞች ነን፣ ሰርጉም ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ የወገኔን፣ እሱ የወገኑን ሐረግ ከአዛውንቶች እየጠየቅን መጻፍ ነበረብን። ግን የት እንጻፈው? ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ሶፍትዌር ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ላፕቶፔ ከተበላሸ ግን ከነሰባት አያቶቼ አለቀልኝ። ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጠውን ደግሞ እኔ ከቀሐ፣ እሱ ከአዘዞ ሆነን እኩል እንከፍተዋለን። እኔ ስጽፍ እሱ እዚያ ማዶ ሆኖ ያየኛል። ፍቅር የያዘው ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ መቼም አይጠፋችሁም።

አንድ እሑድ ለቆጠራው ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ወጣን። የተሰበሰብነው የአባቴ አጎት ግቢ፣ ከኮሶው ዛፍ ሥር ነበር፤ እሳቸውን ሁላችንም አያ ነው የምንላቸው። ከሱ ወገን አጎቱ መጥተዋል፤ እሱም ከኋላቸው ተቀምጧል። ላፕቶፔን በኩራት ከፈትኩት። ነጭ ገጽ፣ መሐሉ ላይ የምትሽከረከር ክብ፣ ሌላ ምንም የለም።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ አያ።

«ኔትወርክ የለም፣ አያ።»

«ታዲያ ከአጥሩ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ውጪ፤ ሰዉ ሁሉ እዚያ ቆሞ ነው የሚደውል።»

ስልኬን ይዤ ከነሐበሻ ቀሚሴ ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ ገጹ ተከፈተ። በደስታ እየሳቅሁ የሱን ወገን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እስከ አምስተኛው ደህና ሄደልኝ። ስድስተኛውን ስጠራ አያ እጃቸውን አነሡ።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት።

«ይህማ የኛ ስድስተኛ ነው!»

«እንግዲያ እህትና ወንድም ናቸዋ!» ብለው አጎቱ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ።

ሳቄ ፊቴ ላይ ደርቆ ቀረ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«ቆዩ! ጥፋቱ የኔ ነው!» አለ እሱ፣ ላብ በላብ ሆኖ። «የሷን ገጽ ለናሙና ኮፒ አድርጌ የሷን አያቶች እያጠፋሁ የኛን ስተካ ነበር። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ደወለች። ወሬው ሲረዝም የቀሩትን ሁለቱን ረሳኋቸው።»

ያን ቀን መደወሌን አልረሳሁትም። ኢንተርኔት ላይ የተቀመጠ ነገር ይጠፋ ይሆን ወይ እያልኩ ሁለት ሰዓት ያደረቅሁት ያን ዕለት ነው።

«በሉ እሱ ነገር ይዘጋ» አሉ አያ። «በአፍ ይቆጠር።»

አጎቱ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ጣታቸውን እያጠፉ ሰባቱን ጠሩ። አንድም የኛ ሰው የለበትም። ነፍሴ መለስ አለች።

አያ ወደኔ ዞሩ። «የኛን ደግሞ አንቺ ቁጠሪ።»

አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን ጠራሁ። አራተኛውም እንደምንም መጣልኝ። አምስተኛው ግን ከነአካቴው ጠፋ። ጽፌ አስቀምጬው የለ፤ ምን ብዬ ላጥናው! አያ አንገታቸውን ሲነቀንቁ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ይኼኔ ከአጎቱ ኋላ አንድ ድምፅ አምስተኛውን ጠራ። ቀጥሎ ስድስተኛውን፣ ከዚያም ሰባተኛውን። እሱ ነበር፤ ሙሽራ በሽማግሌ ቆጠራ መሐል መግባቱ ነውር መሆኑን ጭራሽ ረስቶታል።

«አንተ ደግሞ የኛን ሰው ከየት አወቅከው?» አሉ አያ።

አንገቱን ደፋ። «ስትናፍቀኝ ገጿን ከፍቼ አነብ ነበር። ሌላ የጻፈችው ነገር የለም።»

አጎቱ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። አያ ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እኔ ስሞት ማን ይቆጥረዋል ብዬ እሰጋ ነበር» አሉ። «ሸጋ ልጅ ነው። አግቢው።»

እኔ ገና ከድንጋዩ ላይ አልወረድኩም ነበር። እዚያው እንደቆምኩ ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ።