ክንድ ሲደክም

ዶሃ፣ አል ቱማማ ሰፈር፣ አዲሱ ስታዲየም አጠገብ ባለው የማዳም ቤት ልብስ እየተኮስኩ ነበር። ከግቢው ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ለልጆቹ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ተገዝቶላቸው ኖሯል። ካውያውን እንደያዝኩ ልጅነቴ መጣብኝ።

ሰፈራችን መንገድ ዳር የጋሽ ታደሰ ጠረጴዛ ነበረች። ሕጉ ተሸናፊ ይወጣል፣ አሸናፊ ይቆያል ነው። አንድ ቅዳሜ የቆየሁት እኔ ነበርኩ። ወንዶቹ ተራ በተራ እየገቡ ተሸንፈው ወጡ፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ከበበን። ፀሐይዋ አናቴን ትጠብሰኛለች፣ የራኬቱ እጀታ በላቤ ያሟልጨኛል፣ እኔ ግን ማን ይውጣ። በኋላ ኳሶቼ መረቡ ላይ እየተላተሙ መውደቅ ጀመሩ።

ጋሽ ታደሰ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። "አይዞሽ፣ የደከመው ክንድሽ ነው። ጉልበትሽን አጠፍ አድርገሽ ከታች ወደ ላይ ምቺ። የሚያስፈራው ሐሳብ ሲደክም ነው። ያኔ ኳሷን የምታያት ካለፈች በኋላ ነው።"

ሐሳብ እንዴት እንደሚደክም አልገባኝም። ብቻ እንዳሉኝ መታሁ፤ አሸነፍኩ፤ ሰፈሩ በጩኸት ተናጋ።

የገባኝ ዶሃ ስመጣ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሐሳቤ ደክሞ፣ ማዳም ስትጠራኝ የምሰማት መጥታ ፊቴ ስትቆም ነበር።

"ያላ፣ አንቺም ነይ" አለችኝ ትንሿ ልጅ በመስኮት።

ካውያውን ነቅዬ ወጣሁ። ሲተኩስ በዋለ ክንዴ መታሁ፤ ኳሷ መረቡ ላይ ቀረች። ሳቄ መጣ። አይቻታለሁ፤ ገና ስትመጣ ጀምሮ አይቻታለሁ።

ጉልበቴን አጠፍ አደረግኩ።