ከኔ ደም የሄደው

መጀመሪያ ያበጠው የዓይኗ ዙሪያ ነው። ልጄ የኔነሽ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጠዋት ፊቷ ተነፍቶ ሳየው ስታጠና አምሽታ ይሆናል አልሁ። ውሎ አድሮ እግሯም አበጠ፤ ጫማዋ አልገባ አለ። ሽንቷ አረፋ እንደሚያወጣ ያን ጊዜ ነገረችኝ።

ከምንኖርባት ከማንኩሳ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰድኋት። ሽንቷ ውስጥ ብዙ ፕሮቲን ተገኘ። ደሟም ተመረመረ። ሄፓታይተስ ቢ የሚሉት የጉበት ቫይረስ ተገኘባት። ወደ ባሕር ዳር ላኩን፤ እዚያ ከኩላሊቷ በመርፌ ናሙና ወሰዱ።

ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳኝ። «የቫይረሱ ቁራጭ በደሟ ይዘዋወራል፤ አንቲጅን እንለዋለን። ሰውነቷ ሊከላከለው አንቲቦዲ ያመርታል። ሁለቱ ተጣብቀው የኩላሊቷ ማጣሪያ ላይ ተከማቹ። ማጣሪያው ተጎዳ፤ ፕሮቲኑም በዚያ ያመልጣል።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ እርስዎም ይመርመሩ» አለኝ።

ተመረመርሁ። እኔም አለብኝ። አንድ ቀን አሞኝ አያውቅም።

«ስትወለድ ተላልፎባት ይሆናል» አለ ሐኪሙ።

ወደ ልጄ ክፍል ተመለስሁ።

አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነገርኋት። «ከኔ ነው፣ ልጄ። እኔ ነኝ ያሳመምሁሽ።»

እሷም «አንችስ ከማን ወሰድሽው?» አለችኝ።

እናቴ ቋሪት ውስጥ ሆዷ ተነፍቶ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ነው የሞተች። የበሽታውን ስም ያወቀ አልነበረም። ይህን ስነግራት፣

«ታዲያ አያቴን ትወቅሻታለሽ?» አለችኝ።

እናቴንስ አልወቅሳትም። ጸጸቱ ግን አልለቀቀኝም፤ እሷ ስትስቅ እንኳ አንገቴን እደፋ ነበር።

የፀረ ቫይረስ ክኒን ጀመረች፤ ቫይረሱ ሲዳከም አንቲጅኑም ከደሟ እየቀነሰ ሄደ፣ ጨው የሌለውን ወጥ እየተማረረችም ቢሆን በላች፣ ክረምቱ ሲወጣ እብጠቷ ጎድሎ፣ በሽንቷ የሚታየው ፕሮቲን ኢምንት ሆኖ፣ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። ክኒኑን ዛሬም ትውጣለች። እኔም በክትትል ላይ ነኝ።

ያስረዱኝን ሐኪሞች፣ ያስታመሙን ጎረቤቶቼንም እግዜር ይስጥልኝ። ነፍሰ ጡር የሆንሽ እህቴ፣ ደምሽን ተመርመሪ፤ ልጅሽም በተወለደ ዕለት የዚህን በሽታ ክትባት ያግኝ። ፊት ሲያብጥ፣ ሽንት አረፋ ሲያበዛ አትቆዩ። ከቤት አንድ ሰው ቫይረሱ ከተገኘበትም ሁላችሁም ተመርመሩ። እንደኔ «በእኔ የተነሳ» እያለች የምታለቅስ እናት ካለች፣ አልቅሽ፤ የልጅሽ ክኒን ሰዓት ግን አይለፍሽ። የኔ ለቅሶ የኔነሽን የአንዲት ክኒን ያህል አልረዳትም።