ቀትር ላይ የምናስተኛው ኮምፒውተር

አሰብ ውስጥ ቀትር ላይ የሚሠራ ሰው አልነበረም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ ጥላ ፍለጋ ይጋደማል፤ ከተማዋ የምትነቃው አሥር ሰዓት ገደማ ነው። የእኛ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮም ልማዱ ይኸው ነበር። ሰው በሚተኛበት ሰዓት ማሽን ለምን ይነድዳል ብለን ዋናውን ኮምፒውተር አብረን እናስተኛው ነበር።

የሚያስተኛው አባቴ ነው። አባቴ የዚያው ቢሮ ዘበኛ ነበር፤ ከወሎ መጥቶ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ ወደቡ ላይ ጆንያ የተሸከመ ሰው። እኔ ደግሞ ከመርከብ የወረደውን ጭነት ኮምፒውተር ላይ የማስገባ ጸሐፊ ነበርኩ። ቀትርና ማታ ስወጣ እንዴት እንደሚያጠፋው ያሳየሁት ራሴ ነኝ። እጁን ታጥቦ፣ ሽርጡ ላይ አደራርቆ፣ "ቢስሚላህ" ብሎ ነበር የሚያጠፋው። ከዚያ አቧራ እንዳይገባበት ጨርቅ ያለብሰዋል። የልጁ መሣሪያ ስለሆነ ነበር እንዲህ የሚሳሳለት፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ጧት ያስገባሁት የማዳበሪያ ጭነት ዝርዝር በሙሉ ከኮምፒውተሩ ላይ ድራሹ ጠፋ። እሱ ከሌለ የመውጫ ወረቀት አይታተምም። ሾፌሮቹ መኪናቸው ሥር ተጋድመው ዘራችንን እየቆጠሩ ይሰድቡናል። ሥራ አስኪያጁ ገና ከአዲስ አበባ መመደቡ ነው፤ ባልደረቦቼ ሁሉ ባሉበት "ወይ አላስገባሽም፣ ወይ ደምስሰሽዋል" አለኝ። ባለሙያ እንደሚያስመጣ፣ ጥፋቱ የእኔ ከሆነም እንደሚያሰናብተኝ ነገረኝ። ማስገባቴን እንደ ስሜ አውቃለሁ። ግን ሰው ደጋግሞ ሲጠረጥርህ አንተም ራስህን መጠርጠር ትጀምራለህ። በዚያ ሳምንት የሰው ዐይን እየሸሸሁ በጓሮ በር ነበር የምገባው።

ባለሙያው ሐሙስ ረፋድ ላይ በአውሮፕላን መጣ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቋል። ሰርቨሩ፣ ማለትም ዋናው ኮምፒውተር፣ የሚገጥመውን እክል ሁሉ ራሱ የሚጽፍበት የስህተት መዝገብ እንዳለው ነገረን። "የሰኞ ጧቱን ካየን የማን ጥፋት እንደሆነ ይለያል" አለ። እኔ አሁኑኑ በከፈተው ብዬ ነፍሴ ቆማለች። ነገር ግን ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ እንግዳ ደግሞ በዚያ ሙቀት አይሠራም። አሣ አበላነው፣ ቬንቲላተር ሥር አስተኛነው፤ እኛም ተኛን። አባቴም እንደ ልማዱ ማሽኑን አስተኛ።

አሥር ሰዓት ላይ መዝገቡ እምቢ አለ። ፋይሉ በሥራ ላይ ስለሆነ አይከፈትም የሚል መልእክት መጣ። ባለሙያው በሌላ መንገድ ከፈተው፤ ያገኘው ግን ያን ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ሲነሳ የጻፈውን ብቻ ነው። የቆዩትን አንድ በአንድ እየከፈተ ወደ ኋላ ሄደ። ረቡዕ አለ፣ ማክሰኞ አለ። የመጨረሻው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ይጀምራል። ሰኞ ጧት የለም።

ባለሙያው ወደ እኛ ዞሮ "ይሄ ማሽን በጠፋና በተነሳ ቁጥር አዲስ መዝገብ ይጀምራል። ከአሮጌዎቹ ጥቂቱን ብቻ ያስቀምጥና የቀረውን ይጥላል" አለ። "ዛሬ ቀትር ላይ አጥፍታችሁት ነበር?"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኛ ማሽን ላይ ግን እውነት እያደር ይደመሰስ ነበር።

"ማነው ያጠፋው?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

የሚያውቁት ሁሉ አቀረቀሩ። አባቴ ከበሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ገባ።

"እኔ ነኝ ጌታዬ። ልጅቷ ምንም አታውቅም" አለ።

ልጅቷ አለኝ። ልጄ ቢል ጥፋቱ ወደ እኔ የሚሻገር መስሎት ነው። በልጁ ዕድሜ ላለ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ በባዶ እግሩ ቆሞ ሳየው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"አባቴ ነው" አልኩ። "አጥፋ ያልኩትም እኔ ነኝ።"

ሥራ አስኪያጁ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ። ባለሙያው "እኔም ተኝቼ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። ማስረጃ ስለጠፋ እስኪጣራ በማስጠንቀቂያ እንድቆይ ተወሰነ። ማሽኑም ከእንግዲህ ቀንም ሌትም እንዳይጠፋ ታዘዘ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ቀትር ላይ መተኛት ተወ። ይህን ያወቅሁት አንድ ቀን ቁልፌን ረስቼ ብመለስ ነው። ከማሽኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ በዘንባባ ማራገቢያ ያራግብለታል። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ሳያየኝ ወጣሁ፤ ቤት ገብቼም ጋደም ማለት አስጠላኝ።

ሳምንታት አልፈው ያስገባሁት የጭነት ዝርዝር እንደገና ጠፋ። አሁን ግን መዝገቡ ሳይቆረጥ ቆይቶ ነበር። ባለሙያው በስልክ እየመራኝ ከፍቼ አነበብኩለት፤ ዲስኩ እየተበላሸ ነበር፣ የሰው እጅ የለበትም። ሥራ አስኪያጁ ሰው ባለበት ይቅርታ ጠየቀኝ። ቀትር ላይ ሁሉም ሲወጣ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

"አባባ፣ ነጻ ወጣሁ። የማሽኑ ጥፋት ነው" አልኩት።

"አልሐምዱሊላህ" አለ። ማራገቡን ግን አላቆመም። "የሰኞውስ? እኔ ያጠፋሁብሽ ተመለሰ?"

"አልተመለሰም። አሁን እኮ አያስፈልግም።"

"ያኔ አስፈልጎሽ ነበር" አለ።

ማራገቢያውን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠኝም።