እንዶድ የነካ እጅ

እልኸኛ ነኝ፤ አልደብቅም። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይቺ ልጅ ከግድግዳ ጋርም ትጣላለች» ትል ነበር። እሷ ከሞተች በኋላ አባቴን ከወልቂጤ አምጥቼ ቦሌ አራብሳ ባለችው ኮንዶሚኒየሜ ያስቀመጥኳቸውም በዚሁ እልኽ ነው። ዘመድ ሁሉ «ፎቅ ላይ ይታፈናሉ፣ ተያቸው» ሲለኝ አልሰማሁም።

አባባ ሠላሳ አምስት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሲመጡ አንድ ሻንጣና የእናቴን ጋቢ ይዘው፣ እናቴ ጋቢ ታጥብበት የነበረውን የተፈጨ እንዶድም በፌስታል ቋጥረው ነበር። ጋቢውን ላጥበው ስል ግን «አትንኪው» አሉኝ። እሱን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። እኔ ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ማታ ስመለስ ምሳቸውን እንደተከደነ አገኘዋለሁ።

ዓሦቹን የገዛሁት የማደርገው ሲጠፋኝ ነው። ጎሮ ካለ ሱቅ አንድ አኳሪየም ከነአየር መንፊያው፣ ትንሽ የውሃ ሣርና አምስት ቀያይ ዓሦች አመጣሁ። አባባ በመጀመሪያው ቀን አልጋቸው ላይ ሆነው አዩዋቸው። በሦስተኛው ቀን ወንበር ስበው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። በሳምንቱ «ይሄ ትልቁ የትንሹን ምግብ እየነጠቀ ነው፤ ለየብቻ ነው መስጠት» አሉኝ። ወራት ያልሰማሁትን የአስተማሪ ድምፃቸውን ስሰማ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ስለዚህ እነዚያ ዓሦች ለኔ ጌጥ አልነበሩም፤ አባቴን ከአልጋ የሚያስነሱልኝ እነሱ ነበሩ።

ታዲያ ብዙም ሳይቆይ አንዱ ክንፉ ላይ ነጭ ነጥብ አወጣ። በሁለት ቀን ውስጥ አምስቱም ጨው የተነሰነሰባቸው መሰሉ፤ ገላቸውን ከሥር ካለው ጠጠር ጋር ያፋትጋሉ። ባለሱቁ ጋ ደወልኩ።

«ጥገኛ ተባይ ነው እህቴ። ጣያቸውና ሌላ ውሰጂ» አለኝ።

«ምክርህን ጣለው» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ደወልኩና ይቅርታ ጠይቄ ሕክምናውን አስነገርኩት። ጨው በልክ፣ ውሃውን በማሞቂያ ሞቅ ማድረግ፣ በየቀኑ ከሥር ከሥሩ እየቀዱ መቀየር። አሥራ አራት ቀን ሙሉ፣ ነጥቡ ቢጠፋም ሳያቋርጡ። በኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው፤ እሱም ደስ ካለው። ቢሆንም በርሜል አጠራቅሜ፣ የክሎሪኑ ሽታ እስኪለቅ አሳድሬ፣ ጀመርኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ግማሽ ቀን ሠርቼ ስገባ ዓሦቹ ከላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሁለቱ በጎናቸው ተንሳፈዋል። ውሃው አረፋ ለብሷል። አባባ ባዶ ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል።

«አባባ፣ ምን አደረጉ?»

«ቀንድ አውጣዎቹን አጠፋኋቸው» አሉኝ፣ ኮራ ብለው። ከሣሩ ጋር ተጣብቀው የገቡ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። «ተባዩ የሚራባው በነሱ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።»

ገባኝ። በዚህ አገር የተማረ ሰው ሁሉ ያንን ትምህርት ያውቀዋል፤ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንዶድ ይገድለዋል። የኛ ዓሦች በሽታ ግን ከቀንድ አውጣ ጋር አንዳችም ዝምድና የለውም።

«እንዶድ ዓሣም ይገድላል፣ አባባ» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ዛሬም ይጸጽተኛል።

ብርጭቆውን አስቀመጡ። «አውቃለሁ» አሉ። «እሱንም አስተምሬያለሁ፣ በዚያው ክፍለ ጊዜ። ረሳሁት።»

ለመቆጨት ጊዜ አልነበረኝም። በርሜሉ ውስጥ የቀረው ውሃ ከሁለት ጣሳ አይበልጥም፤ የዚያን ዕለት ውሃም ገና አልመጣም። የፊት ለፊት ጎረቤቴን በር ደበደብኩ። «ለዓሣ ነው? እኛ ሰዎቹ ሳንታጠብ» እያለች የተቀመጠ ውሃ በሁለት ጀሪካን ጎትታ አመጣችልኝ፣ እጅጌዋንም ሰብስባ አብራኝ ገባች። ዓሦቹን ሳፋ ውስጥ አወጣን፣ አኳሪየሙን ደጋግመን አጠብን፣ ሣሩንም ጠጠሩንም ጣልን። ሦስቱ ተረፉ።

ጎረቤቴ ስትወጣ አባባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ወደ ወልቂጤ መልሺኝ» አሉኝ። «ጭንቅላቴ ከድቶኛል። ነገ ደግሞ ቤትሽን አቃጥል ይሆናል።»

ፈራሁ። ብቻቸውን እዚያ ባዶ ቤት ገብተው ግድግዳ ሲያዩ ታየኝ። ስፈራ ደግሞ ያው እልኼ ይመጣል።

«እንዋዋል» አልኳቸው። «ሕክምናውን ከዛሬ እንጀምራለን፣ አሥራ አራት ቀን። ሦስቱ ከዳኑ እዚህ ይኖራሉ። ካልዳኑ እኔ ራሴ እወስድዎታለሁ።»

«ማን ያክማቸዋል?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ። እኔ ሥራ አለኝ።»

አባቱን በሦስት ዓሣ የሚያስይዝ ሰው ጤነኛ አይደለም፤ ይገባኛል። ሌላ መንገድ ግን አልታየኝም።

በዚያው ማታ አባባ ከደብተር ወረቀት ቀደው አሥራ አራት መስመር አሰመሩና አኳሪየሙ መስታወት ላይ ለጠፉ። ጨዉን በማንኪያ ለክተው፣ ውሃውን በእጃቸው ጀርባ ፈትነው፣ በየቀኑ አንድ መስመር ይሰርዛሉ። ረቡዕ ከሥራ ስመለስ መብራት ጠፍቷል፤ ማሞቂያውም አየር መንፊያውም ቆሟል። አባባ በሸሚዝ ብቻ ናቸው። የእናቴን ጋቢ አውልቀው አኳሪየሙን ጠቅልለውበታል፤ በብርጭቆ ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሱታል፣ አየር እንዲያገኙ። የጋቢው ጫፍ በጨዋማው ውሃ ርሷል። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው። «ከምሳ በኋላ» አሉኝ። ብርጭቆውን ተቀበልኳቸውና መብራት እስኪመጣ ድረስ ተፈራረቅን።

በሰባተኛው ቀን ሦስቱም ገላቸው ጠርቶ አገኘኋቸው። አንድም ነጥብ የለም። «በቃ ዳኑ፣ አሸንፌያለሁ፤ አይሄዱም» አልኩና ወረቀቱን ከመስታወቱ ልነቅል እጄን ዘረጋሁ።

አባባ እጄን ያዙኝ። «አልዳኑም። ነጥቡ ከገላቸው ወርዶ ሥር ተደብቋል፤ እዚያ ተራብቶ ይመለሳል። ሰባት ቀን ይቀረናል። ባለሱቁ ነግሮሽ አልነበረም?»

ነግሮኝ ነበር። የረሳሁት እኔ ነኝ።

አሥራ አራተኛው መስመር አርብ ዕለት ተሰረዘ። ስለ ወልቂጤ እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አልጠየቅኩ። በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ከሥራ ስገባ ውሃ መጥቶ በርሜሉ ሞልቷል። አባባ በረንዳው ላይ ሱሪያቸውን ሰብስበው በአንድ አሮጌ ባልዲ የእናቴን ጋቢ ያሻሉ። ከፌስታሉ የተረፈውን እንዶድ ሁሉ ጨምረውበታል፤ አረፋው እስከ ክርናቸው ደርሷል። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ዓሦቹን ዛሬ አንቺ መግቢልኝ» አሉ። «የኔ እጅ እንዶድ ነክቷል።»