በምሳ ሰዓት የቀዘቀዘው ብየዳ

ጀርመን አገር፣ ሮደልሃይም ያለው ፋብሪካ ሥራ የጀመርኩት በጥር ብርድ ነበር። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ማይስተሩ፣ የአዳራሹ አለቃ፣ የጠየቀኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። "ቁጥር ታነቢያለሽ?" አነባለሁ አልኩት። የሙቀት መለኪያ እጄ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ሥራችን ስስ የማይዝግ ብረት ጥቅልሎችን ጫፍ ለጫፍ በይዶ፣ እንደ ረጅም ጥብጣብ በሚሽከረከሩ ሮለሮች መሐል ማሳለፍ ነው። በያጁ ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ በተማሪነት መጥተው በስደት የቀሩ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሰው ናቸው።

"ይሄ ፌሪቲክ የሚባለው ዓይነት ነው" አሉኝ። "ጠባዩ ክፉ ነው። ስትበይጂው ብዙ ካጋልሽው ውስጡ ይሻክራል፤ ከዚያ ሲበርደው እንደ ብርጭቆ ነው።"

ስለዚህ ከግቢው ብርድ የመጣ ጥቅልል አዳራሽ ውስጥ ሳያድር አይበየድም። ብየዳው በትንሽ ሙቀት፣ በፍጥነት ነው። የተበየደው ስፌት ወዲያው በማሞቂያ ይሞቅና ሳይቀዘቅዝ ሮለሩን ያልፋል። የኔ ድርሻ መለኪያውን አስነክቶ ቁጥሩን መጻፍ፣ ከሰባ ዲግሪ በታች ከወረደ ለበያጁ መንገር ነው።

ጋሽ ታደሰ በዝምታዬ ይቀልዱ ነበር። "መለኪያው ካንቺ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ጢጥ ይላል።"

አንድ ዓርብ በማምረቻው መስመር ፊት ለፊት አንድ ጥቅልል ተቀርቅሮ ማሽኑ ቆመ። የምሳ ሰዓት ስለነበር ጥቅልሉን እንዳስለቀቁ ሁሉም ወጡ። ገና የተበየደው ስፌት ከሮለሩ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆሟል። እኔ መለካቴን ቀጠልኩ። ሰማንያ። ሰባ። ስልሳ። ማሞቂያውን የሚያበራው በያጁ ብቻ ነው። ጋሽ ታደሰ ከምሳ ክፍሉ መስታወት ወዲያ ጀርባቸውን ሰጥተው ምስር በዳቦ ይበላሉ። አባቴን የሚያህል ሰው ከምግብ ላይ አይጠራም። እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኩ። አርባ።

ማሽኖቹ ዝም ሲሉ አዳራሹ የሚሰፋ ይመስላል።

ጠቅ።

ዘወር አልኩ፤ ማንም የለም። ብረቱ እንደተወጠረ ነው፤ ፊቴ ተጣሞ ይታይበታል። ጠቅ። የነካው የለም። ጣቴን ስፌቱ ላይ አሳረፍኩ። ከውስጡ አንድ ነገር ገፋ ያደረገኝ መሰለኝ። ላዩ ግን ልሙጥ ነው።

ጋሽ ታደሰ አፋቸውን እየጠረጉ መጥተው ከሮለሩ አጠገብ ቆሙ። ስፌቱ እዚያ ጋ ከተበጠሰ የተወጠረው ብረት የሚመታው እሳቸውን ነው።

"ጋሼ፣ ቀዝቅዟል።"

"ምን? ጮክ በይ እንጂ!"

"ድምፅ ያሰማል።"

"ብረት ነው፣ ያጉረመርማል። አይዞሽ" ብለው ማስነሻውን ተጫኑ።

የማቆሚያውን ቀይ ቁልፍ መታሁት። ስፌቱ ከሮለሩ አንድ ጋት ሲቀረው ቆመ።

"በኔ ላይ?" አሉ። "ሠላሳ ዓመት በበየደ ሰው ላይ?"

ማይስተሩ መጣ። ስፌቱን ስንጥቅ የሚያሳይ ቀይ ፈሳሽ ቀባው፤ ቆይቶ ጠርጎ አጸዳውና ነጭ ዱቄት ነፋበት። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ነጭ ብቻ ነበር። ከዚያ ከነጩ ሥር ቀይ ፀጉር የመሰለ መስመር ብቅ አለ። ማንም ሳይስለው ረዘመ፤ ከዳር እስከ ዳር ደረሰ።

ጋሽ ታደሰ ከሮለሩ ራቅ አሉ። ቀስ ብለው "ከሰባ በታች ሲወርድ ለምን አልጠራሽኝም?" አሉኝ።

"ምሳ ላይ ነበሩ።"

ማይስተሩ ምን እንዳልኩ ጠየቀ። ጋሽ ታደሰ በጀርመንኛ ነገሩት። በጀርመንኛም አልገባውም።

ስፌቱን ቆርጠን ጣልነው። እንደገና ተበየደ፣ ሞቀ፣ አለፈ።

አሁን አዲስ ሠራተኞችን የማለማምደው እኔ ነኝ። የምነግራቸው ይህን ነው፦ ስፌቱ ሲቀዘቅዝ በያጁን ጥሩት፤ ጉርሻው አፉ ውስጥ ቢሆንም።